ቀርባለች

የስልክ ካርድ በሳንቲም ሲፋቅ የሚያሰማው ድምፅ ደስ አይለኝም። ትናንት ልጄ ሳሚ ሳሊተ ምሕረት ባለው ቤታችን ሳሎን ተቀምጦ ሲፍቅ ስሰማ፣ ወሎ ሰፈር ያደግኩበት ቤት ትዝ አለኝ።

አባቴ የሚፋቅ ሎተሪ እየገዛ በቁልፍ ጫፍ ይፍቅ ነበር። ዕቃችን እየተሸጠ ክፍሉ ባዶ ስለቀረ ድምፁ ያስተጋባል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ተመሳሳይ ምስል ወጣለትና ሦስተኛው ቀረ። ይናደዳል ስል ፊቱ በራ።

«ቀርባለች» አለ በሹክሹክታ።

«ማን ናት አባዬ?»

«እሷ ናታ! በር ድረስ መጥታ ተመለሰች።»

ዕድሉን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም። ሮጬ በሩን ከፈትኩ፤ ግቢው ውስጥ ማንም የለም። እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ዝጋው ልጄ። እሷ በመጣች ቁጥር ከቤታችን አንድ ዕቃ ይዛ ነው የምትሄደው» አለችኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የስፌት መኪናው አልነበረም።

አድጌ፣ መጽሐፍ እያነበብኩ ራሴን ሳስተምር ነው ነገሩ የገባኝ። ቁማርተኛ ለጥቂት ሲያመልጠው እንደተበላ አይቆጥረውም፤ ቀጠሮ እንደተሰጠው ነው የሚቆጥረው። ለጥቂት የተበላ ሰው ግን ያው የተበላ ነው። ይህን ለልጆቼ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ ስለ አያታቸው ግን አፍሬ አንድም ቀን አላወራሁም።

ሳሚ ካርዱን ሞላና ስልኩ ላይ የኳስ ውርርዱን ከፈተ። ፊቱ በራ።

«ባባ፣ በአንድ ጎል ብቻ እኮ ነው የተበላሁት! ቀርባለች።»

ልቆጣው ብድግ አልኩ። ዓይኔ መጀመሪያ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ እሱ ወደሚያጠናበት ጠረጴዛ ሄደ። ጠረጴዛው ባዶ ነው።

«ሳሚ» አልኩት፣ «ላፕቶፕህ የት አለ?»