አርብን ስጡኝ

ትዕግስቴ ያለቀው የዘጠነኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ድርሰት ሳርም ነው። ርዕሱ «እናቴ» ነበር። መጀመሪያ ያነሳሁት ወረቀት ላይ የልጁ እናት እንደ ውቅያኖስ ሰማያዊ የሆኑ ዓይኖች አሏት። ሴትዮዋን አውቃታለሁ፤ ላንቻ ሱቅ አላት፣ ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምገዛው ከእሷ ነው። ሁለተኛው ወረቀት ላይም የሌላ ልጅ እናት ዓይኗ ውቅያኖስ ሆኗል። ሦስተኛውም ላይ እንደዚያው። በቃ፣ የሰፈሩ እናቶች በሙሉ በእንግሊዝኛ ዓይናቸው ሰማያዊ ሆኖ አረፈው!

ጥፋቱ ሜክሲኮ አደባባይ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ውስጥ የሚሸጠው ወረቀት ነው። ለድርሰት ማሳመሪያ የሚሆኑ የእንግሊዝኛ ማነጻጸሪያዎች ተደርድረውበታል፣ ልጆቹም ይሸመድዱታል። ደፋር ሁሉ አንበሳ፣ ታታሪ ሁሉ ንብ ነው። እኔ መቼም ንዴቴ ቅርብ ነው፤ ክፍል ገብቼ እናቱ ሰማያዊ ዓይን ያላት እጁን ያውጣ አልኩ። ማንም አላወጣም። አንዱ ብቻ ቀስ ብሎ፣ ማለቴ ሚስ፣ ለማሳመር ነው እኮ አለኝ። የገዛ እናቱ ዓይን አላምር ብሎት ነው ማለት ነው?

ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውቅያኖስ የሌለበት አንድ ብቻ ነበር። ጎተራ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ መስኮት ሥር የምትቀመጥ፣ ካልጠየቋት የማትናገር ልጅ ናት የጻፈችው። እናቴ ጥሩ ናት፣ ማታ ደክሟት ትመጣለች፣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቅና ትንሽ ዝም ትላለች፤ ይኸው ነው ያለችው። ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ይቺ ልጅ ታያለች አልኩ ለራሴ።

ያደግሁበት የካዛንቺስ ግቢ ዛሬ መንገድ ሆኗል። ክረምት ዝናቡ ሲያግተን የጎረቤት ልጆች በረንዳ ላይ ተኮልኩለን እንቆቅልህ እንጫወት ነበር። የነገሩን ስም ሳትጠራ መልኩንና ሥራውን ትናገራለህ፣ ያላወቀ አገር ይሰጥሃል። የሰጠህ አገር ካልጣመህ ሌላ ትጠይቃለህ። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ይሄ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ። ማነጻጸርን እኛ ከፎቶ ኮፒ ቤት አልተማርነውም እኮ!

ከዚያ በኋላ አርብ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ የእንግሊዝኛ እንቆቅልሽ ሆነ። ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በዓይናችሁ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፣ ስሙን እንዳትጠሩ፣ ያቺን የሜክሲኮ ወረቀት እንዳላያት አልኳቸው። መጀመሪያ ላይ ጉድ ነበር፤ ሁሉም ነገር ትልቅና ቆንጆ ብቻ ሆነ። ማንም ሊያውቅላቸው አልቻለም። ያን ጊዜ ገባቸው። ለካ በደንብ ካልሳልከው ጓደኛህ አያየውም። ቃል ፍለጋ መዝገበ ቃላት ይሻሙ ጀመር፤ ግሱን አታሳሳት እያሉ እርስ በርስ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ስለምን ልጨቅጭቅ?

ጫጫታችን ዳይሬክተሩን አመጣው። የድሮ የሂሳብ መምህር ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ወርክሺት፣ ያ የምርጫ ጥያቄ መልመጃ፣ ነፍሱ ነው። አገር አቀፉ ፈተና ፊደል አክብቡ እንጂ ጻፉ አይልም፣ ይሄን ክፍለ ጊዜ ለወርክሺት ይልቀቁልኝ አለኝ። ድምፄ ከፍ ማለቱ አልቀረም። ፊደል ሳያከብቡ ማሰብን የት ሊማሩ ነው ብዬ ተሟገትኩ። በመጨረሻ፣ የወላጆች ቀን ላይ ያሳዩኝ፣ ካላሳመኑኝ ከሚቀጥለው ተርም ጀምሮ አርብ የወርክሺት ነው ብሎ ቆረጠው። ፈራሁ፤ ልዋሽ አልችልም። በማስተማር ዘመኔ እንደዚያች አርብ የወደድኩት ሰዓት የለም።

ለወላጆች ቀን እንዲያነብ ያዘጋጀሁት ከክፍሉ አንድ አፈ ጮሌ ልጅ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ልንጀምር ስንል ግን የጎተራዋ ልጅ አጠገቤ መጣችና፣ «ሚስ፣ እኔ ላንብብ?» አለችኝ። ሰው ፊት አንድ ቀን እንኳ አንብባ አታውቅም። እሺ አልኳት።

መድረክ ላይ ወጥታ ወረቀቷን ገለጠች፣ ከዚያ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ዳይሬክተር አየችው።

«እንቆቅልዎ!»

አዳራሹ ሳቀ። ዳይሬክተሩም ልጅነቱ ቀድሞት፣ «ምን አውቅልሽ!» አለ።

በእንግሊዝኛ አነበበች፣ በቀስታ፣ ቀለል ባሉ ቃላት። ሥራ ሲለቀቅ ሜክሲኮ ላይ አንድ ረጅም አውሬ ይተኛል አለች። እግሩ ብዙ ነው፣ ግን አንድ እርምጃ ሄዶ ይቆማል። በራሱ በኩል ባጠረ ቁጥር በጭራው በኩል ያድጋል። ዝናብ ሲመጣ በጀርባው ላይ ጃንጥላ ይበቅልበታል። ወገቡ ላይ ሰው ሊገባ ቢሞክር በአፉ ሁሉ ይጮኻል። እናቴን በየማታው ይውጣታል፣ ሲተፋት ለእኔ የሚተርፈኝ ድካሟ ነው።

እንግሊዝኛ የገባቸው ወላጆች ላልገባቸው ሲያንሾካሹኩ ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ። አንድ አባት ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ያዘ። እናቷ ከኋላ ቆማ ነበር፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት። ሰማያዊ አይደለም፣ ጥቁር ነው፣ እንዴት ያምራል!

ዳይሬክተሩ ግን ግንባሩን አሸ። ባቡር ነው አለ። አይደለም አለችው። የጎርፍ ውሃ ነው አለ። አሁንም አይደለም። በመኪናው መጥቶ በመኪናው የሚመለስ ሰው፣ ከየት ይወቀው? ተሸነፈና ሳቀ።

«አላወቅኩም።»

«አገር ይስጡኝ።»

«ጎንደርን ሰጥቼሻለሁ።»

«ጎንደርን አልፈልግም» አለች። «አርብን ይስጡኝ። ስድስተኛ ክፍለ ጊዜን።»

የጀመርኩትን ጨዋታ ይቺ ዝምተኛ ልጅ በራሴ ሕግ ልትጨርሰው ነው። ዳይሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ፤ ያስጠናኋት መስሎታል። በእናቴ ስም ምዬ መናገር እችላለሁ፣ አንዲት ቃል አልነገርኳትም። ከዚያ ተነስቶ ቆመ፣ አዋቂ ለአዋቂ እንደሚያደርገው ጎንበስ አለላት።

«አርብን ሰጥቼሻለሁ። አሁን ንገሪኝ፣ ምንድን ነው?»

«የታክሲ ሰልፍ!» አለ አዳራሹ በሙሉ፣ እሷን ቀድሞ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ፣ እኔም እንደ ልጅ እየዘለልኩ አጨበጨብኩ።

በሚቀጥለው አርብ በሩ ተንኳኳ። ዳይሬክተሩ ነው፣ በእጁ ወረቀት ይዟል። ወርክሺት መስሎኝ ደሜ ሊፈላ ሲል፣ ልጆቹን አለፈና መስኮት ሥር ከልጅቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሚስ፣ እኔም አንድ ጽፌያለሁ» አለኝ።