መጀመሪያ ሐኪሙ ይቅመስ

ባለፈው ወር ነው። ጣልያኑ ሐኪም ረጅም መርፌ ይዞ ወደ መንጋጋዬ ሲጠጋ «ቁም!» አልኩት... ቆመ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠጅ ጥዬ የምሸጥ ሴት ነኝ። ከመንጋጋዬ ሥር እብጠት ወጥቶብኝ ሰነበተ። እህል ስቀምስ ይወጠራል፣ ቆይቶ ይቀንሳል። የሰፈራችን ወጌሻ «መግል ቋጥሯል፣ ይበጣ» ብሎ ምላጩን ስሎ ይጠብቀኛል። አክስቴንም እንዲሁ ብሎ በጥቷት አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ቀረ። እኔ ደግሞ በዚህ ፊቴ ነው የምኖረው... ደንበኛ የሚመጣው ለጠጁ ብቻ መስሏችሁ ነው?

ስለዚህ ነጠላዬን አጣፍቼ ጣልያን አገራችንን ከያዘ ወዲህ ከከፈተው ሕክምና ቤት ሄድኩ። አስተርጓሚው ያገራችን ልጅ ነው።

«እሜቴ፣ በመርፌው ከእብጠቱ ትንሽ ቀድቶ ሊያይ ነው። መግል ከሆነ ይበጣል፣ ካልሆነ ምላጭ አይነካዎትም» አለኝ።

«መርፌው ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም የለም፣ ባዶ ነው።»

ባዶ! አገሩ ሁሉ «መርፌያቸው መርዝ ነው» እያለ እኔ ባዶ ነው ሲሉኝ ላምን?

«እንግዲያው ንገርልኝ» አልኩት። «እኔ ለሰው ጠጅ ሳቀርብ መጀመሪያ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀምሼ ነው። እሱም ይቅመስ።»

ልጁን ላብ አጠመቀው። «ኧረ እሜቴ፣ ያስገርፉኛል!»

«ንገርልኝ አልኩህ!»

ነገረው። ሐኪሙ አፈጠጠብኝ... ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበና መርፌውን የገዛ ክንዱ ላይ ሰክቶ ሳበው። ደም ወጣ። መርፌውን እንደገና ቀቅሎ መጣና «አሁንስ?» በሚል ዓይን አየኝ። አንገቴን ሰጠሁት።

ቆንጠጥ አድርጎኝ አለፈ። የወጣው መግል አይደለም፤ ዝልግልግ ያለ ውሃ ነው።

«ምራቅ ነው» አለኝ አስተርጓሚው። «መውጫው ተዘግቶ ነው የተጠራቀመው። ምላጭ የለም። ሎሚ ይምጠጡ፣ እብጠቱንም ይሹት።»

እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከደስታ ነው፣ ሌላ እንዳይመስላችሁ።

ሎሚዬን መጠጥኩ። በሳምንቱ ከምላሴ ሥር የስንዴ ፍሬ የምታህል ጠጠር ወጣች፣ እብጠቱም ሟሸሸ። ወጌሻው እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ትናንት ታዲያ ሐኪሙ ከአስተርጓሚው ጋር ቤቴ መጣ። ብርሌውን ሞልቼ መዳፌ ላይ ጠብ ላደርግ ስል ከእጄ ወሰደና ሳልቀምስለት ግጥም አድርጎ ጠጣ።

«እሜቴ፣ አምኖዎታል እኮ!» አለኝ ልጁ።

ይመነኝ፣ ጠጄ ንጹሕ ነው። እኔ ግን ያመንኩት መርፌውን ነው... ጣልያንን አላልኩም።