መርፌው የተዳኘበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ናቲ ሲቀላ ከሚባለው ሰፈራችን ካለ ፋርማሲ ክኒኑን ሲገዛ አብሬው ነበርኩ። ሻጭዋ የማዘዣ ወረቀቱን አየችና «ለአባትህ ነው ለአያትህ?» አለችው። እሱ ለምዶታል። «ለራሴ ነው፤ ጡት ከምጠባበት ጊዜ ጀምሮ ነው የምወስደው» አላት። የቀለደባት መስሏት እየሳቀች ሰጠችው። እኔ ግን የጋለውን አስፋልት ይዘን ስንመለስ ሐሳቤ ወደ ጨንቻ ተራራ ወጣ።

ያኔ የምኖረው ከእህቴ ከአስቴር ጋር ነበር። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ያቋረጥኩ ብሆንም ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳን ሳላነብ አልጥልም ነበር። ናቲ ሲወለድ አንዲት ፍሬ የምታህል ነገር ነበር። ይጠባል፣ ይሸናል፣ እንደገና ይጠባል፤ ሥጋ ግን አይይዝም። ጨርቁን ሳላጥብ ካቆየሁት ጉንዳን ይወረዋል። ማንጎ የሚበስልበት ወቅት ስለነበር፣ በዚህ ሙቀት ጉንዳን የማይገባበት ቤት የት አለ ብለን ተውነው። ትንፋሹ ፈጥኖ ዓይኑ ሲሰረጉድ ሆስፒታል ይዘነው ሮጥን።

ስኳር ነው አሉን። እኛ የምናውቀው ስኳር ጠና ያሉ፣ ቦርጭ ያወጡ ሰዎች የሚታመሙት ነው። ሐኪሙ ራሱ አላምን ብሎ ደጋግሞ አስለካው። አስቴር መርፌ ማየት ስለማትችል ኢንሱሊን መውጋት የተማርኩት እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ከአንዲት የዘረ መል ለውጥ እንደሚነሳ ሐኪሙ አስረዳን፤ ጠብታ ደምም ወረቀት ላይ አድርቆ ለምርመራ ውጭ አገር ላከ። መልሱ እስኪመጣ መርፌው እንዳይቋረጥ፣ ከተቋረጠ ልጁ እንደሚሞት ሳያለሳልስ ነገረን።

የናቲ አያት፣ የአባቱ እናት እማማ ዳምነሽ፣ ወሬውን ሰምተው ከጨንቻ ወረዱ። እማማ እሑድ ከጸሎት ቤት የማይቀሩ አማኝ ናቸው። ቢሆንም ጎሜን ከልባቸው አላወጡትም። ጎሜ ማለት ሰው የተከለከለ ነገር ሲሠራ፣ የጎረቤት ድንበር ሲገፋ፣ ከወንድሙ ተኳርፎ ሳይታረቅ ሲቀር በቤተሰቡ ላይ የሚወርድ መዘዝ ነው። የሚነሳው በኑዛዜ ነው። የአስቴር ባል ማርቆስ ይሄ ጣዖት ነው ብሎ ሊከራከር ሲሞክር፣ መናዘዝና መታረቅ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው የተከለከለው ብለው አፉን አስያዙት።

ጎሜውን ለማስነሳት ልጁን ይዘን ወደ ጨንቻ ወጣን እንግዲህ። መኪናው ከሙዙ ማሳ ተነስቶ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ታች ዓባያ ሐይቅ ቀልቶ ይታያል፤ ትንሽ ቆይቶ ጉም ሸፈነው። ኢንሱሊኑን በረዶ ባለበት ፔርሙስ ይዤ ነበር፤ ጨንቻ ስንደርስ ግን ብርዱ ራሱ ፍሪጅ ሆነልኝ። በእማማ የቀርከሃ ቤት ትኩስ ቆጮ በዳጣ ቀረበልን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የሚጣፍጥ ቆጮ አልበላሁም፤ ፈርቼ ስለነበር ይሆናል።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ ሜዳ ተቀመጡ። ሴቶቹ ዳር ይዘናል። ማርቆስ አባቱ ሲያጣጥሩ በጊዜ አለመድረሱን ተናዘዘ። አጎቱ የወንድማቸውን ድንበር ገፍተው ጎመን እንደተከሉ ሲናገሩ ሚስታቸው ከዳር ሆነው «እኔ እኮ ይህን ጎመን ለሱው ለወንድምህ ቀቅዬ ሳበላው ነው የኖርኩት» አሉ። ሳቅ ሆነ። ከቤተሰቡ የማይዛመድ አንድ ጎረቤትም ሊናዘዝ ተነስቶ ነበር፤ የአንተን ለሌላ ቀን አቆየው ብለው አስቀመጡት።

ከዚያ እማማ ተነሱ።

«መርፌውም ካለ፣ ኑዛዜውም ካለ፣ ልጁን ያዳነው የትኛው እንደሆነ በምን እናውቃለን? መርፌው ጥቂት ቀን ይቁምና ይለይ።»

ብዙዎች ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞኝነት አልነበረም፤ የተማሩ ሰዎችም መድኃኒት ሲፈትኑ አንዱን ከአንዱ እየለዩ እንደሆነ በኋላ አንብቤያለሁ። ብቻ እዚህ የሚፈተንበት ናቲ ነው። አስቴር ልጁን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ ደረቀች። ማርቆስ፣ መርፌው ከቆመ ልጁ ይሞታል ብሎናል ሐኪሙ አለ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሽ ቶማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የከተማ ልጅ፣ የምትወጊው አንቺ ነሽ አሉ። ምንድን ነው ያለበት?»

የእኔ ጋሞኛ የሚያስቅ ነው። እንደምንም ብዬ፣ ሌላው ልጅ ሆዱ ውስጥ ያለው ነገር እንደሆነ፣ ይኼኛው ስለሌለው ከውጭ እንደምንሰጠው፣ ያለ እሱ የጠባው ወተት ሳይጠቅመው እንደሚያልፍ ተናገርኩ።

ጋሽ ቶማ ጥቂት አሰቡ። «የታመመ ልጅ ለጎሜ ሲቀርብ ጡት እንከለክላለን?»

አንከለክልም አሉ ሌሎቹ።

«እንግዲያው ይሄም ጡቱ ነው። ትውጋው።»

እማማ ተቀመጡ። ማታ ልወጋው ስል ግን መጥተው እግሩን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። «ምግቡ ከሆነ ይብላ» አሉ።

ውጭ አገር የተላከው የደሙ መልስ የመጣው ከክረምቱ ጋር ነው። ናቲ ኢንሱሊን መሥራቱን ይሠራል፤ ማስወጫው በር ነው እንቢ ያለው። ትልልቅ ሰዎች የሚወስዱት የስኳር ክኒን ደግሞ ያንን በር ይከፍታል። ሆስፒታል አስተኝተውት፣ ክኒኑን ፈጭተው በውኃ ይሰጡት ጀመር፤ መርፌው እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። የአባቱና የእናቱም ደም ታየ። ለውጧ ከሁለቱም አልመጣችም፤ ከሱው ከራሱ የጀመረች ናት። ለእማማ ስነግራቸው «ከማንም ካልመጣ ማንን እናናዝዛለን?» አሉ። የተገፋው ድንበር ግን እንደተመለሰ ቀረ።

እማማ አሁን በሕይወት የሉም። ናቲ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ የወደዳትም ልጅ አለች። ከፋርማሲው ስንመለስ ነው የነገረኝ። ሐኪም ጠይቆ ኖሮ፣ የሚወልደው ልጅ ለውጧን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ እንደሆነ ተነግሮታል።

«አክስቴ፣ አሁን ልንገራት ወይስ ነገሩ ሲጠና?»

አሁን አልኩት። ሲወለድ ቶሎ ከታወቀ መላ እንዳለው፣ ለዚህም ምስክሩ ከፊቴ የሚሄደው እሱ ራሱ እንደሆነ ነገርኩት።

«እንቢ ብትለኝስ?»

በዱቡሻው ሜዳ የተነሱት ሁሉ ያጠፉትን ተናግረው ቀለል ብሏቸው ሲቀመጡ አይቻለሁ። ናቲ ግን ያጠፋው ነገር የለም። ያላጠፉትን ነገር ተነስቶ መናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያወቅኩት፣ ስልኩን ይዞ ሊደውልላት ከአጠገቤ ራቅ ሲል ነው።