የእጅ ውሃ በሐይቁ ዳር

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ድምፅ ሁሉ ይበዛብኝ ነበር። ከሁሉም የሚብሰው ከታች የሚመጣው ነው። አንደኛው ፎቅ ላይ የምትኖረው ታይላንዳዊት ጎረቤቴና የአገሯ ልጆች የሕንፃችንን መኪና ማቆሚያ ሳሎን አድርገውታል። ቅዳሜ ከሰዓት ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ አንዱ ማይክ ይዞ ድምፁ እየተሰበረ ይዘፍናል፤ ሌሎቹ ሲሳሳት ያጨበጭቡለታል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ እዚህ ኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ሲጭን ውሎ ይገባና፣ "እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ?" ይል ነበር። መስኮቱን ሊዘጋው ነው ስል ወለል አድርጎ ይከፍተው ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ መስኮቱን የምዘጋው እኔ ነበርኩ።

ጎረቤቴ "ፒ" ትለኛለች። በእነሱ ዘንድ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። የምንግባባው በተሰባበረ እንግሊዝኛችን ነው። ከቤት አልወጣም ስላት ሰኞ ሰኞ ልብስ ማጠቢያ ቤት ይዛኝ መሄድ ጀመረች። እዚያም አርፋ አትቀመጥም። ጥሬ ማንጎ ልጣ በጨውና በበርበሬ ለማታውቃቸው ሰዎች ታዞራለች፤ የማን ማሽን ቀድሞ እንደሚቆም ታወራርዳለች። እኔን ዳኛ ታደርገኛለች፤ መወራረዱን እምቢ ብያታለሁ።

"ለምንድን ነው ሁሉን ነገር ጨዋታ የምታደርጊው?" አልኳት አንድ ቀን።

"ሳኑክ የሌለበት ነገር ያደክማል፣ ፒ።"

ሳኑክ የሚሉት ደስታንም ጨዋታንም ነው። ለበዓል ቀን አያስቀምጡትም፤ አውቶቡስ መጠበቂያም ሰልፍም ላይ አብሯቸው ይቆማል።

"ለቅሶ ቤትስ?"

"እዚያማ የግድ ነው። ሟቹ ብቻውን እንዳያድር ካርታ እንጫወታለን።"

የእኛም ወንዶች ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ካርታ ሲጫወቱ እንደሚያድሩ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። ዋጥኩት። ጥቁር ለብሻለሁ፤ ሙት ዓመቱ አልደረሰም። ሰው "ረሳችው" እንዳይል እፈራ ነበር። ከሰው ይልቅ ደግሞ ራሴን እፈራ ነበር፤ አንድ ጊዜ ከልቤ ከሳቅሁ፣ እውነትም የረሳሁት ይመስለኛል።

አዲስ ዓመታቸው ሲደርስ እኛ ሁዳዴ ላይ ነበርን። እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጎረቤቴ መኪናዋን ደጅ አቁማ ጠበቀችኝ። "የጾም የፓፓያ ሰላጣ ሠርቼልሻለሁ፤ ዓሣ አላስገባሁበትም" አለች። እንዲህ ለደከመ ሰው እምቢ አይባልም።

ሐይቁ ዳር ወሰደችኝ። ሣሩ ላይ ልጆች በላስቲክ ሽጉጥ ውሃ ይረጫጫሉ። ለስፖርት የሚሮጡ ሰዎች ሲያልፉ አስፈቅደው ይረጯቸዋል፤ የማያውቋቸው ሰዎች ቆመው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። እኔን ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝና ወጣቶቹ ፊቴ ተንበረከኩ። የመጀመሪያዋ አበባ የተነሰነሰበት ውሃ ከትንሽ ሳህን እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ።

እጅ ላይ ውሃ ከፈሰሰ ምግብ ቀርቧል ማለት ነው። እጅጌዬን ሰብስቤ፣ መዳፌን አሽቼ፣ በጣቶቼ መካከል ሳይቀር ፈትጌ ታጠብኩ። አራገፍኩና ፎጣ ጠየቅሁ።

ጎረቤቴ ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተጋደመች። "ፒ፣ ምርቃት ነው እኮ የሚጠብቁት። እጅሽን ዘርግተሽ ትመርቂያቸዋለሽ እንጂ አትታጠቢም።"

"ታዲያ ርቦኛላ" አልኳት።

ሁሉም ሳቁ። እኔም መጣብኝ፤ ልውጠው ብል አልዋጥ አለ። ሳቄን ሳልጨርስ አንዷ ከኋላዬ ባልዲ ሙሉ ውሃ ደፋችብኝ።

ዓይኔን ጠርጌ ቀና ስል፣ ከቤተ ክርስቲያናችን እናቶች አንዷ ከዘራቸውን ተደግፈው ፊቴ ቆመዋል። በለቅሶዬ ሰሞን ከአጠገቤ ያልተለዩ፣ ጥቁሩን ነጠላ በእጃቸው ያለበሱኝ እርሳቸው ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ለጉልበታቸው ብለው በሐይቁ ዙሪያ ይራመዳሉ።

"አንቺ፣ ሐይቁ ውስጥ ገብተሽ ነው?"

"ኧረ በባልዲ ነው እማማ። አዲስ ዓመታቸው ነው።"

"በሁዳዴ?"

"እነሱ ሁዳዴ የላቸውም።"

ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቀሚሴን አዩት፤ ቀጥለው ፊቴን። አቀረቀርኩ።

ጎረቤቴ ግን ሽበታቸውን ስታይ ሳህኗን ይዛ መጣች። ጎንበስ ብላ አክብራቸው ውሃውን እጃቸው ላይ አፈሰሰች። እማማ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ መዳፋቸውን አሹ፤ በጣቶቻቸው መካከል ፈተጉ። ላስቆማቸው እችል ነበር፤ አላስቆምኳቸውም። አራገፉና ወደ እኔ ዞሩ። "ፎጣ የላቸውም እንዴ?"

ከዘራቸውን ተደግፌ ሳቅሁ። ነገሩን ስነግራቸው፣ "ታዲያ ቀድሞ አይነገርም?" ብለው እሳቸውም ሳቁ። በእርጥብ እጃቸው ወጣቶቹን በሙሉ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ልጆቹ አንድ ቃል ሳይገባቸው መዳፋቸውን ገጥመው ሰሙ። የፓፓያውን ሰላጣም ቀመሱ። "ይኼ ከእኛ ቃሪያ ይብሳል" አሉና ደገሙ።

ሲሄዱ የነጠላዬን ጫፍ ይዘው ውሃውን ጨመቁልኝ። "ባልሽ ቢኖር ያንን ባልዲ ቀምቶ ራሱ ይደፋብሽ ነበር" አሉ። "ጥቁሩን ለብቻው እጠቢው፤ ይለቃል።"

በማግስቱ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቀሚሴንና ነጠላዬን ለብቻቸው አስገባሁ። ጎረቤቴ ማንጎዋን እየላጠች፣ "ዛሬ የማን ይቀድማል?" ብላ ሰዉን ጠየቀች።

"የእኔ" አልኩ። "በማንጎው እንወራረድ።"