ለታላቁ ወንድሜ ፊት ሲባል

በታላቁ ወንድሜ ጉንጭ ላይ ብጉር የወጣ ጊዜ እናቴ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሳቅሽ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ስቄያለሁ። ሦስት ይሁኑ አራት ፍሬ ነበሩ፣ ያውም ቀረብ ብሎ ላየ ሰው። እኔ በዚያው ሰሞን ግንባሬም አገጬም ብጉር ብቻ ሆኖ ስዞር ማንም አላለቀሰልኝም። ይህንኑ ብላት፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች «አንቺን ደግሞ ማን ይወስድሻል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔን የሚወስደኝ አልነበረም፣ ባልም ደርግም።

ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች የሚለቀሙበት ዘመን ነበር። የሚሄደው አሥራ ስምንት የሞላው ነው ይባላል፤ የሚባለውና የሚደረገው ግን ለየቅል ነው። ቀበሌው ይህን ያህል ሰው አምጣ ከተባለ ማምጣት አለበት። የትምህርት ቤት ካርድ ብትዘረጉ፣ የክርስትና አባት ይዛችሁ ብትቀርቡ የሚሰማችሁ የለም፣ ሁሉም ለልጁ ዕድሜ አስቀንሶ ነበርና። ስለዚህ በኛ ቀበሌ ዕድሜ የሚታወቀው ፊት ታይቶ ነው። የሚያየው ደግሞ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር።

ሰውዬው ሰፈራችን ከገባ ዓመት አልሞላውም። ካድሬዎቹን በነጻ ሲላጭ ከርሞ የምልመላ ኮሚቴ ውስጥ ገባ። ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። «እኔን ወረቀት አያታልለኝም፣ ስንት ፊት ነው በእጄ ያለፈው» ይላል፤ ከዚያ ልጆቹን አሰልፎ በአውራ ጣቱ ጉንጫቸውን ይዳብሳል። ፂም የነካ እንደሆነ አለቀ። ፂም ባይኖርም ብጉር ካገኘ «ብጉር ያወጣ ጠመንጃ ይይዛል» ብሎ ወደ ግራ ይገፋዋል። በግራ የቆመ ሁርሶ ማሰልጠኛ ነው የሚገባው፤ ከሁርሶ ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ።

ታላቁ ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አጭር ነው፣ ቀጭን ነው፣ ፂም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ቁምጣ ካለበሳችሁት አሥራ አራት ነው ብትሉ ሰው ያምናችኋል። የሚያጋልጠው ያ ብጉር ብቻ ነበር። እናቴ ያለቀሰችው ለዚህ ነው፤ እኔም ሲገባኝ ሳቄን ተውኩ።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ሲሞት መልኩን ለታላቁ፣ ምላሱን ለታናሹ፣ ሰፊ ግንባሩን ለኔ ትቶ ሄደ። እናቴ ታላቁን ባየችው ቁጥር ባሏን ታያለች። ለመደበቅ እንኳ አትሞክርም፣ እኔና ታናሼ እፊቷ ተቀምጠን «እሱ ከሄደ ቤቴ ተዘጋ» ትላለች። ታናሼ «ግድ የለም፣ እኛ በመስኮት እንገባለን» ይላታል። እሱ ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነበር፣ እውነተኛው አሥራ አራት።

ሕክምናው ተጀመረ። መጀመሪያ ማንጎና ለውዝ ተከለከለ፣ ሙቀት ያመጣሉ ተብሎ። ድሬዳዋ ተቀምጦ ሙቀት መሸሽ! ቀጥሎ የጠዋት ምራቅ መጣ። ምራቅ የሚሠራው ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ሲቀባው ነው ይባላል፤ እሱን አናግረን እንዳናበላሽበት ጠዋት ጠዋት ቤቱ ውስጥ መናገር ተከለከለ። ጌታው ደግሞ እንቅልፋም ናቸው። እስኪነቁ ድረስ እኔና ታናሼ በእጅ ምልክት ስንግባባ እናረፍዳለን። እሱ የቀበሌውን ሊቀመንበር አካሄድ እያስመሰለ ያስቀኛል፣ እኔ ሳልችል ቀርቼ ስስቅ እናቴ ጭኔን ትቆነጥጠኛለች።

ምራቁ ጠብ የሚል ነገር አላመጣም። ሎሚ ተተካ። ሎሚውን ቆርጣ አሸችውና እሱ በዚያው ፀሐይ ላይ ወጣ፣ የኛን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ማታ ጉንጩ ቀልቶና አብጦ ስታየው እናቴ ጨርቋን ልትጥል ደረሰች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን አንድ ሕግ ወጣ፦ ማንኛውም መድኃኒት መጀመሪያ ታናሼ ላይ ይሞከራል።

እኔ ላይ ለምን አልሞከረችም? የኔ ፊት ቀድሞም የተበላሸ ስለሆነ ቢሻለውም ቢብስበትም አያስታውቅም፤ ይህንን ራሷ ናት ያለችኝ። የታናሼ ንጹሕ ነው። ቢጎዳስ? «ልጅ ነው፣ ማን ይነካዋል። የልጅ ቆዳ ቶሎ ይሽራል።» እሱ ደግሞ ሲጀመር ኮራ። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ያን ያህል ጊዜ አይታው አታውቅም ነበር። ጉንጩን እየሰጣት «ዶክተር፣ እተርፋለሁ?» ይላታል። ይህ ነገር እስከዛሬ ያበግነኛል።

ከጀልዴሳ ወተት የምታመጣልን ሴት እሬት ቆርጣ አመጣች፤ ታናሼ ላይ ተሞከረ፣ አፉን ከማምረር በቀር ምንም አላደረገውም፣ ለታላቁ ተፈቀደ፣ ለታላቁም ምንም አልፈየደ። እርድ በማር ተለውሶ ተቀባ፤ ታናሼ ፊቱ ቢጫ ሆኖ ሰፈሩ ሁሉ የወፍ በሽታ ይዞታል ብሎ አወራ፣ ተሰረዘ። ከዚያ አንዲት የዕድር ሴት ነጭ ሽንኩርትን የመሰለ የለም ብላ ነገረቻት።

እናቴ ነጭ ሽንኩርቱን ወቅጣ በጨርቅ አድርጋ ታናሼ ጉንጭ ላይ አሰረችው። ቀትር ላይ ነበር። በኛ ከተማ ከምሳ በኋላ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ሁሉም ይተኛል። ታናሼ ትንሽ ጋደም ብሎ «እማዬ፣ አቃጠለኝ» አለ። «ቻለው፣ ወንድ አይደለህም እንዴ» አለችው። ቻለው። ከእንቅልፍ ስንነሳ ጨርቁ ቆዳውን ይዞ ተነሳ። ያ ቦታ ውሃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ መገለ፤ ዙሪያውን ደግሞ ቀያይ ፍሬዎች ወጡበት፣ እስከ አገጩ ድረስ። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችውና «ነጭ ሽንኩርትስ አይሆንም» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ በዚያ ሰዓት ጠላኋት፣ ምን ይደበቃል።

ኤዶ የምንላት ሱማሌ ጎረቤት ነበረችን፣ በሰፈሩ የሁላችንም አክስት ናት። ኤዶ አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ለሊቀመንበሩም አንተ ነው የምትለው። ታናሼን ስታይ እናቴን «አቦ አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ ነው ወይስ ሥጋ ነው የምትጠብሺው?» አለቻት። ሄዳ በወረቀት የተጠቀለለ ቃሲል ይዛ መጣች፣ የሱማሌና የሐረሪ ሴቶች ፊታቸውን የሚታጠቡበትን የቅጠል ዱቄት። «በውሃ ለውሺ፣ ቀቢ፣ ድርቅ ሳይል እጠቢ። ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ። ወላሂ፣ ብጉር እጅ አይወድም። ለሁለቱም ልጆች ነው የሰጠሁሽ።»

ለአንዱ ሆነ። ታላቁ ጠዋትና ማታ አረንጓዴ ፊት ሆኖ ይቀመጣል፣ እኔ ውሃ አፈስለታለሁ። «ለትንሹስ?» ብላት «የሱ ቁስል ነው፣ ቁስል ላይ አይቀባም፤ ደግሞ የሱን ፊት ማን ሊያየው» አለችኝ። ወር ሳይሞላ የታላቁ ጉንጭ ጠራ። የሠራው ቃሲሉ ይሁን፣ እጇን መሰብሰቧ ይሁን፣ እግዜር ይወቀው። እናቴ መስተዋት አምጥታ ሰጠችውና «እሰይ» አለች።

ያን ሰሞን ታናሼ ድንገት ተመዘዘ። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀረ፣ ድምፁ ጎረነነ፣ ከታላቁ በግማሽ ራስ በለጠ። ፊቱ ላይ ያ ቁስል ጠባሳ ሆኖ፣ ፍሬዎቹ ደግሞ አንዱ ሲከስም ሌላው እየወጣ ነበር። እናቴ አላየችም። ከአንድ ጉንጭ ሌላ የምታየው ነገር አልነበራትም።

ቀትር ላይ መጡ። ያውቁበታል፤ ድሬ ላይ ሰው ተፈልጎ የማይታጣበት ሰዓት ያ ነው። ፀጉር አስተካካዩና ሁለት ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ግቢያችን ሲገቡ ሁላችንም ኒም ዛፋችን ጥላ ሥር ተኝተን ነበር። ታላቁ ቁምጣውን እንደለበሰ ነው፣ እናቴ እንዳያወልቀው አስምላዋለች። ሰውዬው «ከየቤቱ አንድ ነው» አለ። ወንድሞቼ ጎን ለጎን ቆሙ።

ታላቁን አገጩን ይዞ ወደ ብርሃን አዞረው። አውራ ጣቱን አስኬደ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። «ይሄ ገና ነው» አለ። እናቴ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። ወደ ታናሼ ዞረ። እሱን ብዙም አልዳበሰውም። «ይኸውላችሁ» አላቸው ጠመንጃ ያዦቹን፣ «ይሄ ጎረምሳ ነው» ብሎ ወደ ግራ ገፋው።

«ልጅ ነው» አለች እናቴ። «ብጉር አይደለም፣ ነጭ ሽንኩርት ነው። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ሰውዬው ሳቀ። «ጤነኛ ልጅ ፊት ላይ ነጭ ሽንኩርት ለምን ታደርጊያለሽ?»

እዚህ ላይ እናቴ ቆመች። የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቁምጣ ለብሶ አጠገቡ ቆሟል። ሰውዬው ሞኝ አይደለም፣ ታላቁን እንደገና አየት አደረገው። «ወይስ ትልቁ ይሄኛው ነው?» አለ፣ ሳይቸኩል። «እኔ የምወስደው አንድ ነው፣ ለኔ ሁለቱም አንድ ናቸው። ንገሪኝና ልለውጥልሽ።»

ዝም አለች። እኔ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። ታላቁ መሬት መሬት ያያል። ታናሼ ግን እሷን ነበር የሚያየው፣ ያ ምላሰኛ ልጅ ትንፍሽ ሳይል እስክትናገር ይጠብቃት ነበር። ሰውዬውም ጠበቀ፣ ደስ ብሎት። በመጨረሻ «እንግዲያው እንሂድ» አለ። ጫማውን እንኳ እንዲያደርግ ጊዜ አልሰጡትም። ከበር ሲወጡ ነው እናቴ ክንዴን የለቀቀችው።

ሁርሶ ሩቅ አይደለም። በተወሰደ በወሩ፣ እሑድ ቀን፣ እኔና እሷ ዳቦና ቆሎ ይዘን በጭነት መኪና ሄድን፣ ታላቁን ኤዶ ቤት ደብቀን። አጥሩ ጋ ከቆሙት እናቶች መሐል ተጋፍተን አስጠራነው። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ እጅጌው ጣቱን የሸፈነ ልብስ ለብሶ መጣ። ፊቱ ጠርቷል። ጠባሳው ደብዝዟል፣ ከዚያ ሁሉ ፍሬ አንድም የለም። ልጅ ሆኖ ነበር፣ ካሰብኩትም በላይ ልጅ። እናቴ እጇን በሽቦው አሾልካ ጉንጩን ልትነካ ስትል ወደ ኋላ አለ።

«እማዬ፣ ሲጠይቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«አንድ አሉኝ» አለች። «ሁለታችሁንም ተዉልኝ ብል ይተዉልኝ ነበር? አንድ አሉኝ፣ ልጄ።»

 «ገባኝ» አለ። ዳቦውን ተቀበላት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ያንቺስ ብጉር?» አለኝ። «አለ» አልኩት። «ተይው፣ አትነካኪው» አለኝ፣ ጠሩትና ሄደ። ወደ ሰሜን የጫኗቸው ብዙም ሳይቆይ ነው። ሞተም፣ ተማረከም፣ ጠፋም ብሎ የነገረን ሰው እስከዛሬ የለም። ታላቁ ወንድሜ አለ፣ አግብቶ ወልዷል፤ ቆዳው ዛሬም ያምራል።

ያን እሑድ ስንመለስ እናቴ መኪናው ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ድሬ ልንገባ ስንል እጇን ጭኔ ላይ ጣል አድርጋ «ፊቱ እንዴት እንደጠራ አየሽ? አሁን ቢያዩት እኮ ልጅ መሆኑን ያውቁ ነበር» አለችኝ። እጇን አንስቼ ጭኗ ላይ መለስኩላትና ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ።