ከጠበሉ ጎን የተቀመጠው በረኪና

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን ወጣት ፈሳሽ ሳሙና ልትሸጥ አስባ፣ በጠርሙሱ ላይ የምትለጥፈውን ጽሑፍ እንድመለከትላት ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ ማስጠንቀቂያው ቦታውን ሁሉ ወሰደብኝ። ትንሽ ብቀንሰውስ?"

"አንዲት ቃል እንዳትነኪ!" አልኋት። ደንገጥ ስትል ነው መቆጣቴ የታወቀኝ።

በሃያ አራት ዓመቴ እኔና ጓደኛዬ ደሳለኝ እዚሁ ባሕር ዳር በረኪና እያመረትን እንሸጥ ነበር። በረኪናችን ጥሩ ነበር፤ ይህን ዛሬም ደፍሬ እናገራለሁ። ነጠላ ሲያነጣ አቻ አልነበረውም። የምንሞላው ግን ከየሆቴሉ ለቅመን ባጠብነው የውሃ ፕላስቲክ ነበር። ስም የለው፣ ማስጠንቀቂያ የለው።

መስከረም ላይ አንዲት የመንግሥት ባለሙያ መጡና አንዱን ጠርሙስ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። "እኔ እንኳ ውሃ ነው ብዬ እጠጣው ነበር" አሉ። ምንነቱና አደጋው ሳይጻፍበት፣ ያውም በመጠጥ ዕቃ፣ መሸጥ ክልክል መሆኑን አስረዱን።

"የተሸጠው ተሸጠ፤ ከእንግዲህ እናስተካክላለን" አለ ደሳለኝ።

እኔ አልተዋጠልኝም። ብስክሌቴን አንሥቼ ያልተሸጠውን ለመሰብሰብ፣ የተሸጠውንም ለማፈላለግ ሁለት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ይረጨኛል። በመጨረሻ ሐይቁ ዳር ሱቅ ያላቸው እትዬ የሺ፣ አንዱን ጠርሙስ የደሴት ገዳም ዲያቆን ልብሰ ተክህኖ ሊያጥብበት እንደወሰደው ነገሩኝ።

"ምን እንደሆነ ያውቃል?"

"እሱስ ያውቃል። እዚያ ያሉት ማወቃቸውን እንጃ።"

በማግስቱ በመጀመሪያዋ ጀልባ ተሳፈርሁ። የናፍጣው ሽታ ከደንገሉ እርጥብ ሽታ ጋር ተቀላቅሏል። ገዳሙ ስደርስ ዲያቆኑ ወደ ከተማ ሄዶ ነበር። አብረውት የሚኖሩትን ሽማግሌ መሪጌታ ከጎጇቸው ደጅ መጽሐፍ ሲጽፉ አገኘኋቸው። ጉዳዬን ስነግራቸው ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። በመደብ ላይ ለምእመናን የሚታደል ጠበል ተደርድሯል፤ ሁሉም በውሃ ፕላስቲክ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

እያንዳንዱን እየከፈትሁ አሸተትሁ። አራተኛው ላይ የበረኪናው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

መሪጌታ ጠርሙሱን ተቀብለው ለብቻው አስቀመጡት። "ዛሬ እንግዶች ይመጣሉ። ከዚሁ ነበር የምሰጣቸው" አሉ። ቀጥለውም "ስትሸጠው ይህ አልታሰበህም?" ሲሉ ጠየቁኝ።

"አልታሰበኝም፣ አባቴ።"

"ከታሰበህ ወዲያስ?"

"መጣሁ።"

ቀና ብለው አዩኝና ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። እኔ ስበላ ብራና አውጥተው ቀዩን ቀለም አጠቀሱ። "በዚህ ቀለም የሚጻፈው የቅዱሳን ስም ነው። ዛሬ ግን ለነፍስ ነውና ይሁን" ብለው፣ በዚያ ባማረ የእጅ ጽሕፈታቸው "አይጠጣም" ብለው ጻፉልኝ።

ተመልሼ ሥራውን እናቁም ስለው ደሳለኝ አጉረመረመ እንጂ አልተወኝም። ወፍራም ነጭ ጠርሙስ እስክናገኝ፣ ፈቃዱም እስኪወጣ ሥራችን ለወራት ቆመ። ወደ ገበያው ስንመለስ ባለሱቆቹ እንዳልከዱን አየን፤ እንዲያውም እትዬ የሺ "የነዚህን ልጆች ነው የምሸጠው" እያሉ የሌላ ሰው በረኪና ይዞ የመጣውን ይመልሱ ጀመር።

ልጅቱ ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ ሰማችኝ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ሸጫለሁ። ዕቃዬን የገዛ ሰው በቸገረው ሰዓት እኔን ፈልጎ አያገኘኝም፤ የሚጠይቀው ጠርሙሱን ነው። ጠርሙሱ ደግሞ የሚመልስለት እኔ የጻፍሁበትን ብቻ ነው።