ከወንዙ ማዶ የመጣው ሰልፍ

ባለፈው ሳምንት ጂንካ ቤቴ ቁጭ ብዬ ዜና እሰማ ነበር። ወሬው ስለ አሜሪካ ቅድመ ምርጫ ነው። ዋናው ምርጫ ከመድረሱ በፊት ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን ሲለዩ፣ የአንዱ ፓርቲ ሰዎች ነቅለው ወጡ፣ የሌላው ደጋፊዎች ግን አብዛኞቹ ቤታቸው ቀሩ ይላል። አብሮኝ የነበረው የእህቴ ልጅ፣ "የቀሩትማ ግድ የሌላቸው ናቸው" አለ። ወጣት ነው፣ አልፈረድኩበትም። እኔን ግን ሐሳቤ ጭልጥ አድርጎ ወደ ደርግ ዘመን ወሰደኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ የተመደብኩት ከጂንካ በላይ ባለችው የትውልድ ቀበሌዬ ነው። ቀበሌዋን አንድ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። ከወንዙ ወዲህ፣ መኪና መንገዱ ዳር፣ ከሌላ የደቡብ አገር የመጡ ነጋዴዎች፣ ልብስ ሰፊዎችና አናጢዎች ይኖራሉ። ከወንዙ ማዶ፣ ዳገቱ ላይ፣ እንሰትና ገብስ የምናበቅለው አሪዎች ነን። በቁጥር የማዶው ሰው ይበልጣል። ሊቀመንበሩ ግን ሁልጊዜ የመንገድ ዳር ሰው ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከምርጫው በፊት የጥቆማ ስብሰባ አለ፤ ሰው ከሚደግፈው ኋላ ይሰለፋል፣ ሰልፋቸው የረዘመው ለምርጫ ይቀርባሉ። በጥቆማው ቀን የመንገድ ዳሩ ሰው ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ የማዶው ግን አይመጣም። ስለዚህ የምርጫው ቀን ሲደርስ የሚቀርቡት ስሞች በሙሉ የእነሱ ናቸው። ከጂንካ የሚመጣው ካድሬ በየጊዜው፣ "የማዶ ሕዝብ ንቃት ይጎድለዋል" ብሎ ይሄዳል።

ንቃት አልነበረም የጎደለን። ብሔራዊ ውትድርና ታውጆ ነበር። ለስብሰባ ተብለው ተጠርተው ከዚያው በመኪና ተጭነው የሄዱ የሌላ ቀበሌ ልጆች ወሬ ዳገቱን ሁሉ አዳርሶታል። ስብሰባ ሲለፈፍ ወንዶቹ እንሰቱ ውስጥ ይገባሉ፣ ሴቶቹም "የሉም" እያሉ ደጅ ይውላሉ።

በዚያ ዓመት ግን ለቀበሌዋ የእህል ወፍጮ ሊተከል ነው ተባለ። ቦታውን የሚወስነው አዲሱ ሊቀመንበር ነው። መንገድ ዳር ከተተከለ የማዶ ሴት ሁሉ እህል ተሸክማ ወንዙን መሻገር ሊኖርባት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው በልግ ደግሞ አንዲት ጎረቤታችንን ከነሸክሟ ጎርፍ ወስዷት ነበር።

እናቴ የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቅርባልኝ እየበላሁ ሳለ፣ "ሴት ድምፅ አላት እያልሽ ታስተምሪ የለም እንዴ? እውነት ነው?" አለችኝ።

"እውነት ነው እማዬ።"

"እንግዲያው ወንዶቹ እንሰታቸው ውስጥ ይቀመጡ። እኛ እንሂድ።"

የጥቆማው ቀን ጠዋት ዘንቦ ነበር። ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል። ሴቶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጠንካሮቹ ከላይ፣ ነፍሰ ጡሮቹ ከመሃል ሆነው ተሻገሩ። ወንድ የተባለ አቶ ዮሴፍ ብቻ ነበሩ፣ ሽማግሌ ናቸው። ዕጩ ያደረግነውም እሳቸውን ነው። "ጥርስ ስለሌላቸው ጦር ሜዳ አይወስዷቸውም" እያሉ ሴቶቹ መንገዱን ሙሉ ሳቁባቸው። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ስብሰባው ከሱቆቹ ፊት ለፊት፣ ዋርካው ሥር ነበር። እስከ ወገባችን በስብሰን፣ ቀይ ጭቃ ተለውሰን ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ካድሬው ከወንበሩ ተነሥቶ አየንና፣ "ወንዶቹ የት አሉ?" ሲል ጠየቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አስቴር፣ ተርጉሚላቸው" አለኝ።

በአሪኛ ተረጎምኩ። እናቴ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ በአሪኛ መለሰች። አሪኛ የማይችለው የመንገድ ዳር ሰው ያለችውን አልሰማም፣ ካድሬውም አልሰማም። የሰማነው እኛ ብቻ ነን። ሴቶቹ ሁሉ ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ። አለስልሼ፣ "እርሻ ላይ ናቸው" ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። በዚያን ዘመን ከዚያ ባነሰ ነገር ጸረ አብዮት ተብሎ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። ያም ሆኖ ወደ ካድሬው ዞርኩ።

"እንዲህ ትላለች" አልኩ። "ወንዶቹን የምትፈልጓቸው እንዲመርጡ ነው ወይስ ልትወስዷቸው? እንዲመርጡ ከሆነ ንገሩንና እንጥራቸው።"

ካድሬው ፊቱ ጠቆረ። "እንዲህ ያለችው እሷ ናት ወይስ አንቺ ነሽ?"

"እሷ ናት። እኔ ቃሏን ነው ያደረስኩት።"

ያኔ የነበሩት ሊቀመንበር አቶ ታደሰ፣ ነጋዴው፣ ከመንገድ ዳሩ ሰው መካከል ብድግ አሉ። "ጓድ" አሉት ካድሬውን፣ "እኔ እስከ ዛሬ ብቻዬን ሮጬ ነው የቀደምኩት። ሰዎቹ ወንዝ ተሻግረው መጥተዋል። ዝናቡ ሳይመለስ እንሰለፍ።"

ተሰለፍን። የአቶ ታደሰ ሰልፍ እስከ ልብስ ሰፊው ሱቅ ደረሰ። የአቶ ዮሴፍ ሰልፍ ዋርካውን ዞሮ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ የሰው በቆሎ ውስጥ ገባ። ካድሬው መቁጠር ጀምሮ መሃል ላይ ተወው፣ ማየት ብቻ ይበቃ ነበር። እናቴ ጭቃው እግሯ ላይ ደርቆ፣ ሸማዋን ጠምዝዛ፣ ከፊቴ ቀጥ ብላ ቆማለች። እንደዚያ ቀን ረዝማ አይቻት አላውቅም።

በዚያ ቀን ማንም አልተወሰደም። ለዋናው ምርጫ ወንዶቹም አንድ ሁለት እያሉ ከእንሰቱ ወጥተው መጡ፣ አቶ ዮሴፍም ተመረጡ። ወፍጮው ማዶ ተተከለ። የመንገድ ዳር ሰዎች ወንዙ ሲጎድል እህላቸውን በአህያ እየጫኑ እኛ ዘንድ ያስፈጩ ነበር፣ አቶ ታደሰም ጭምር። ክፉ ቀን ዳግመኛ አልመጣም አልልም። ታናሽ ወንድሜን በኋላ ከጂንካ ቅዳሜ ገበያ አፍሰው ወሰዱት፣ የተመለሰውም ጦርነቱ ሲያልቅ ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። አሜሪካኖቹ ለምን እንደቀሩ እኔ አላውቅም፣ ምናልባት እውነትም ግድ የሌላቸው ይሆናሉ። ሆኖም ከስብሰባ የቀረ ሰው ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሐሳብ፣ ምን ፈርቶ ይሆን የሚል ነው።

እናቴ ካረፈች ቆይታለች። እኔም ከዚያ በኋላ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ፣ የስንቱን ከሳሽና ተከሳሽ ቃል ከአሪኛ ወደ አማርኛ ሳመላልስ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ምስክር ወረቀትም ሽልማትም ሰጥተውኛል። ኮራሁ የምለው ግን በዚያ ዋርካ ሥር፣ በረጠበ ልብስ ቆሜ፣ የእናቴን ጥያቄ ሳልቀንስ ሳልጨምር ያደረስኩ ዕለት ነው።